ጓዝ ፈትቶ መጠበቅ

በሚኒባስ ታክሲ መስታወት፣ በሠርግ መጥሪያ ካርድ፣ በምረቃ ስጦታ ላይ ሳይቀር በብዛት ከሚጻፉ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶች አንዱ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11 ነው፤ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያሰበው ክፉ ነገር እንዳልሆነና ፍጻሜውም ተስፋ እንዳለበት የሚናገረው። ከእሱ በፊት ያለውን ቁጥር 10ን መስታወቱ ላይ የለጠፈ ሾፌር ማግኘት ግን ያስቸግራል። ቁጥር 10 ይህ መልካም ነገር የሚመጣው ሰባ ዓመት ከሞላ በኋላ መሆኑን ይናገራል። ጥቅሱ የሚገኘው ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩ ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው በተነበበበት ቀን የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ፍጻሜውን ለማየት መቶ ዓመት መኖር ነበረበት ማለት ነው። ጥቅሱ ብቻውን ሲቆም የቅርብ ምሥራች ይመስላል፤ ከጎረቤቱ ጋር ሲነበብ ግን ለአብዛኞቹ የመጀመሪያ ሰሚዎቹ፣ ተስፋው እውነት ቢሆንም እናንተ አትደርሱበትም የሚል መልእክት አለው። የተጻፈው ደግሞ ለማጽናናት ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሰውን እንዴት ሊያጽናና ቻለ? በመከራ ጊዜ እግዚአብሔርን ታምኖ መጠበቅ፣ በትዕግሥትም መታዘዝ ምን እንደሚመስል ከዚህ ጥያቄ ይልቅ በግልጽ የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያዘ። ይህን የሚነግረን መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም የተቀመጠው የባቢሎናውያን ዜና መዋዕል ከተማዪቱ የተያዘችበትን ወርና ቀን ሳይቀር መዝግቦታል። ወጣቱ ንጉሥ ዮአኪን ከእናቱ፣ ከሹማምንቱ፣ ከአናጢውና ከቀጥቃጩ ጋር ተማረከ፤ በዙፋኑ ላይ አጎቱ ሴዴቅያስ ተተካ። ቤተ መቅደሱ ገና አልፈረሰም፤ ከተማዪቱም አልተቃጠለችም። ስለዚህ በአገር የቀሩትም የተማረኩትም ነገሩ በቶሎ የሚያልፍ መስሏቸው ነበር። ይህን የሁሉንም ምኞት ወደ ትንቢት የለወጠው ሐናንያ የሚባል ሰው ነው። በሴዴቅያስ አራተኛ ዓመት በአምስተኛው ወር፣ በቤተ መቅደስ ካህናቱና ሕዝቡ በተሰበሰቡበት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የተዘረፈው ንዋየ ቅድሳትም ምርኮኞቹም እንደሚመለሱ አወጀ፤ ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ በአንገቱ ያደረገውን ቀንበርም ወስዶ ሰበረው። ኤርምያስ ምን መለሰ? አሜን አለ። እግዚአብሔር እንዳልከው ያድርግልን ብሎ ተመኘ። ከዚያ የሰላም ትንቢት እውነተኛነት የሚታወቀው ሲፈጸም መሆኑን አስታውሶ መንገዱን ሄደ፤ ሐናንያን የሚያወግዘው ቃል የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ሐናንያም በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

ያችን አሜን ብዙ ሰው ያልፋታል። ኤርምያስ መከራ የሚወድ፣ የሕዝቡን መመለስ የማይፈልግ ጨለምተኛ አልነበረም፤ ምኞቱ የሐናንያ ምኞት ነበር። ልዩነታቸው ሐናንያ ምኞቱን በቀጠሮ ማሰሩ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ቀረህ የተባለ ሰው ደግሞ ቤት አይሠራም፣ ተክል አይተክልም፣ ልጅ አይድርም። ሁለቱ ዓመት ካለፉ በኋላ የሚቀረው ባዶ እጅና የተሰበረ እምነት ነው። ዛሬም በየአዳራሹ ወርና ሳምንት እየቆረጡ ለሰው ቪዛ፣ ትዳርና ፈውስ ቀጠሮ የሚሰጡ ሰባኪዎች ጉዳታቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ትንቢቱ ሳይፈጸም መቅረቱ አንድ ነገር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰውየው ሥራውን ማቆሙ ሌላ ነው።

ኤርምያስ ወደ ባቢሎን የላከው ደብዳቤ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ምርኮኞቹን ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ እንዲያገቡና ልጆቻቸውንም እንዲድሩ ይመክራል፤ ነቢይ ሳይሆን የሰፈር ሽማግሌ የጻፈው ነው የሚያሰኝ ነው። ከዚያ አስደንጋጩ ይመጣል፤ ለተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዝዛቸዋል፣ የእሷ ሰላም የእነሱም ስለሆነ። ሸማያ የሚባል ምርኮኛ ይህን ሲሰማ በጣም ተቆጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ካህን ደብዳቤ ጻፈ፤ ይህ እብድ ለምን አልታሰረም ሲል። ቁጣው ይገባኛል። ጓዙን ሳይፈታ ለሚጠብቅ ሰው፣ ጓዝህን ፍታ ማለት ተስፋህን ጣል ማለት ይመስለዋል። የደብዳቤው ክርክር ግን ተቃራኒውን ነው የሚለው። ቀኑ በእግዚአብሔር እጅ ከሆነ፣ በሰው እጅ ያለው የዛሬ ሥራ ነው፤ የቀኑን ጌታ ያመነ ሰው የዛሬውን ሥራ የማይሠራበት ምክንያት የለውም።

ምርኮኞቹ በእርግጥ እንዲህ ኖረው እንደነበር ማስረጃ አለ። በባቢሎን ቁፋሮ ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ1939 የታተሙ የሸክላ ጽላቶች ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ ከቤተ መንግሥት ይሰፈር የነበረውን ዘይት ይዘረዝራሉ። ከዚህ ይልቅ የተራውን ሰው ኑሮ የሚያሳዩት ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ሎሪ ፒርስና ኮርኔሊያ ዉንሽ ያሳተሟቸው መቶ ያህል ጽላቶች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ572 እስከ 477 ዓመት ባለው ጊዜ የተጻፉት እነዚህ ሰነዶች በባቢሎን ገጠር በይሁዳ ስም የምትጠራ መንደር እንደነበረች ያሳያሉ። ነዋሪዎቿ የመንግሥት መሬት ያርሳሉ፣ ገብስና ተምር ይገብራሉ፣ ይበደራሉ፣ ይዋዋላሉ፣ ያወርሳሉ። በውሉ ላይ የሰፈሩት የብዙዎቹ ስሞች የእስራኤልን አምላክ ስም በውስጣቸው እንደያዙ ናቸው። የግብር ደረሰኝ ተአምር አይደለም፤ ማንም ስብከት አይሠራበትም። ቢሆንም ከተማረከ ሕዝብ መካከል በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድም ልጁን በአምላኩ ስም እየጠራ፣ በባዕድ አገር እያረሰ የቆየ ገበሬ የደብዳቤው እውነተኛ አንባቢ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ምስክር አቤሜሌክ ነው። ኢየሩሳሌም በመጨረሻ በተከበበች ጊዜ፣ እህል ከከተማዪቱ ሊያልቅ በተቃረበበት ወቅት፣ መኳንንቱ ኤርምያስን ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ ብቻ በሞላው ጉድጓድ ጣሉት። በንጉሡ ቤት ያገለግል የነበረው ኢትዮጵያዊ ይህን ሰምቶ፣ ንጉሡ በብንያም በር በተቀመጠበት ሄዶ በሰው ፊት መኳንንቱን ከሰሰ። ሰዎች ተሰጡት። እሱ ግን በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አልሮጠም፤ መጀመሪያ ከግምጃ ቤቱ በታች ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰበሰበ፣ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቆርጠው። በኋላ ከተማዪቱ ስትወድቅ ነፍሱ እንደምትተርፍ ተስፋ ተሰጠው፤ ምክንያቱም ተነግሮታል፣ በእግዚአብሔር ስለታመነ። መጽሐፉ አቤሜሌክ ሲጸልይ አንድ ጊዜ እንኳ አያሳየንም። የሚፈራቸው ሰዎች እንደነበሩም ያው ተስፋ በግልጽ ይናገራል፤ ከእነሱ እጅ እንደሚድን ነውና የተነገረው። ስለዚህ መጽሐፉ እምነት ብሎ የጠራው ነገር ፍርሃት ባልነበረበት ልብ ውስጥ የተገኘ አይደለም። እየፈራ ወደ በሩ መሄዱን፣ ስለ ታሳሪው ብብት ማሰቡን፣ ጨርቅ መፈለጉን ነው እምነት ያለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ያለው ተረፈ ባሮክ ደግሞ አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ተልኮ፣ ዛፍ ሥር ተኝቶ 66 ዓመት እንዳለፈው ይተርካል፤ ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ነበር። ውብ ትረካ ነው፤ መከራውን ሳያይ የማለፍ ጸጋ ለአንድ ሰው ተሰጠ። ለሌሎቹ የተሰጠው ግን ያንኑ ዓመት ነቅቶ ማለፍ ነበር፤ ደብዳቤውም የተጻፈው ለእነሱ ነው።

ኤርምያስ ራሱ የሰበከውን እንደፈጸመ የሚያሳየው የመሬት ግዢው ነው። በሴዴቅያስ አሥረኛ ዓመት ከተማዪቱ ተከብባ፣ እሱም በዘበኞች አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ጠየቀው። እርሻው በዚያች ሰዓት በጠላት ጦር እጅ ነው፤ ማንም አስተዋይ ነጋዴ ዞር ብሎ አያየውም። ኤርምያስ 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክር አስፈረመ፤ የታተመውንና ያልታተመውን ቅጂ ጸሐፊው ባሮክ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖር አዘዘ፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይ። ከዚያ በኋላ ነው የጸለየው፤ ጸሎቱም ግራ የተጋባ ሰው ጸሎት ነው። ከተማዪቱ ለባቢሎናውያን ተሰጥታ ሳለ እርሻ ግዛ ያልከኝ ለምንድን ነው እንደማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ትኩረት ይገባዋል፤ መጀመሪያ ታዘዘ፣ ቀጥሎ ጠየቀ። መታዘዝ ሁሉን ከመረዳት በኋላ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ውሉ ፈጽሞ ባልተጻፈ ነበር፤ ጥያቄ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጸሎቱ በመጽሐፉ ባልተካተተ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ተጠራጣሪ አንድ ከባድ ነገር ሊያነሣ ይችላል፤ ትዕግሥትን የሚሰብኩት ብዙ ጊዜ መከራውን የሚያደርሱት ናቸው። ደሃው ታገሥ ይባላል፤ ታጋሹ ሲበዛ ባለጠጋው ይመቸዋል። የምትደበደብ ሚስት ቻይ ትባላለች። ይህ ክስ እውነት የሌለው አይደለም፤ በሃይማኖት ስም የተፈጸመ ታሪክም አለው። ትዕግሥትን ለምርኮኞች የጻፈው ሰው ለግፈኞች ምን እንደጻፈ ማየት ግን መልሱን ይሰጣል። ንጉሥ ኢዮአቄም ሠራተኛውን ያለ ደመወዝ እያሠራ ሰፊ ቤት ባሠራ ጊዜ ኤርምያስ ፊት ለፊት አወገዘው፤ ቀብሩ የአህያ ቀብር እንደሚሆን ነገረው። ንጉሡ የነቢዩን ጥቅልል በቢላዋ እየቆረጠ በእሳት ሲጥል፣ ኤርምያስ ታገሥ ተብሎ ዝም አላለም፤ ባሮክን አስቀምጦ እንደገና አጻፈው፣ ጨመረበትም። ትዕግሥት ለተጎጂው የተሰጠው እንዳይሰበር እንጂ በዳዩ እንዳይጠየቅ አይደለም። የሌላውን መከራ እያበዛ ትዕግሥት የሚሰብክ ሰው ኤርምያስን ሊጠቅስ አይችልም።

በኢየሩሳሌም የመጨረሻ ከበባ ወቅት የሆነ ሌላ ነገር መታዘዝ ራሱ እንዴት ሊታመም እንደሚችል ያሳያል። ጠላት ከተማዪቱን ሲያስጨንቃት ሴዴቅያስና ባለጠጎቹ ቃል ኪዳን ገብተው ዕብራውያን ባሮቻቸውን ነጻ አወጡ፤ ሕጉ በሰባተኛው ዓመት እንዲፈቱ ያዝዝ ነበርና ለረጅም ጊዜ ችላ ያሉትን ትእዛዝ ነው የፈጸሙት። የግብፅ ጦር ወጣ ሲባል ባቢሎናውያን ለጊዜው ከበባውን አነሡ። ወዲያው ባለጠጎቹ ያወጧቸውን ሰዎች መልሰው ባሪያ አደረጓቸው። በመከራ ጊዜ ከሚታየው ታዛዥነት ብዙው ከዚህ ዓይነት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሚሳል፣ ውጤቱ ደኅና ሲሆን የሚረሳ ስለት። እንዲህ ያለው ታዛዥነት ንግድ ነው፤ ገበያው ሲቀየር ዋጋውም ይቀየራል።

ሌላው ተቃውሞ ፖለቲካዊ ነው። ኤርምያስ ሕዝቡን ለባቢሎን ተገዙ ይል ነበር፤ መኳንንቱም የተዋጊውን እጅ ያደክማል ብለው በአገር ክህደት የከሰሱት በዚህ ነው። ይህ ለወራሪ መንበርከክ አይደለምን? ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ኤርምያስ ይህን ያለው ለአንድ የተወሰነ ትውልድ፣ የተወሰነ ጥፋት ለፈጸመ መንግሥት ነው፤ ለሁሉም ዘመን የሚሠራ የመገዛት ሕግ አላወጣም። ሁለተኛ፣ ሐናንያ ቀንበሩን በሰበረበት በዚያው በሴዴቅያስ አራተኛ ዓመት፣ ኤርምያስ በባቢሎን ላይ የሚመጣውን ጥፋት በመጽሐፍ ጽፎ ወደዚያ ለሚሄድ ሠራያ ለሚባል ሰው ሰጠው፤ ባቢሎን ደርሶ እንዲያነብበው፣ ከዚያም ድንጋይ አስሮበት ኤፍራጥስ ውስጥ እንዲጥለው። ለከተማዪቱ ሰላም ጸልዩ ያለው ሰው የከተማዪቱን ፍርድም አውቆ ነበር፤ ፍርዱን ለራሱ እጅ አላደረገውም እንጂ።

ኢየሩሳሌም በ586 ከወደቀች በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። ባቢሎናውያን የሾሙት ገዥ ጎዶልያስ ተገደለ፤ የተረፉት በበቀል ፍርሃት ተያዙ። ወደ ኤርምያስ መጥተው የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንዲጠይቅላቸው ለመኑት፤ መልካምም ቢሆን ክፉ እንታዘዛለን ብለው ማሉ። መልሱ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። የባቢሎን ጦር ይመጣል በሚባልበት ጊዜ አሥር ቀን ረጅም ነው፤ ነቢዩ ግን ሳይሰማ አልተናገረም። መልሱም በአገራችሁ ቆዩ የሚል ነበር። ሐሰት ትናገራለህ አሉት፤ እሱንም ይዘው ወደ ግብፅ ሄዱ። መንገዱን አስቀድመው መርጠው ነበርና የፈለጉት ማጽደቂያ ብቻ ነበር። ለሚጸልይ ሰው ሁሉ የሚያሰጋው ይህ ነው፤ ውሳኔን ይዞ መጥቶ ፈቃድ መጠየቅ።

ታዲያ ጓዝ ፈትቶ መጠበቅ በእኛ ዘመን ምን መልክ አለው? በኤች አይ ቪ የተያዙ ብዙ ሰዎች በእንጦጦ ጠበል ሲጠመቁ፣ መድኃኒት መውሰድ እምነትን መካድ ነው የሚል አስተሳሰብ ተስፋፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ይህ ለዘመናዊነት የተደረገ ማግባባት የሚመስላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ከኤርምያስ ደብዳቤ ጋር ሲነጻጸር ግን አንድ ዓይነት አስተሳሰብ ነው፤ መዳን ከእግዚአብሔር መሆኑን ያመነ ሰው በየዕለቱ ኪኒኑን በሰዓቱ ሲውጥ ቤቱን እየሠራ፣ አትክልቱን እየተከለ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሳይደርሱ ስለሞቱት ነው። በደብዳቤው ተስፋ የተሰጣቸው አብዛኞቹ ባቢሎን ተቀብረዋል፤ ኤርምያስም መመለሱን አላየም። ልጆቻችሁ ያዩታል ማለት ለሟቹ ምን ይጠቅመዋል? በቀላሉ የሚመለስ አይመስለኝም፤ መጽሐፉም አይመልሰውም። የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ማልቀስን ይፈቅዳል። ኤርምያስ የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ ክፉዎች ለምን እንደሚሳካላቸው እግዚአብሔርን ሞግቷል። ታጋሽ ሰው አያማርርም የሚለው የእኛ ልማድ ከዚህ መጽሐፍ የመጣ አይደለም። የቤተ እስራኤል ታሪክም ይህንኑ ጥያቄ ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማሃሪ የሚባሉ መነኩሴ፣ ወደ ኢየሩሳሌም የመመለሻው ጊዜ ደረሰ ብለው ከጎንደር አካባቢ ሕዝብ አስከትለው ወደ ቀይ ባሕር ተነሡ፤ ባሕሩ እንደሚከፈል ተስፋ አድርገው። ትግራይ ላይ ረኃብና በሽታ ብዙዎቹን ፈጀ። የእነዚያን ሰዎች ናፍቆት ለመንቀፍ ድፍረቱ የለኝም። ሆኖም ኢየሩሳሌምን በሕዝቡ ልብ ያቆየው ይህ ጉዞ አልነበረም፤ በየዓመቱ ተራራ ወጥተው፣ ጾመው፣ የእዝራንና የነህምያን ታሪክ እያነበቡ ስግድን ያከበሩት፣ በማግሥቱም ወደ እርሻቸው፣ ወደ ብረት ሥራቸውና ወደ ሸክላቸው የተመለሱት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል የሚወስደው ጉዞ በሌላ መንገድ ሲከፈት የሄዱት የእነዚህ ሰዎች ልጆች ነበሩ።

ጓዙን የፈታ መሄጃውን ይረሳል የሚል ስጋት ደግሞ አለ። መሠረት አለው፤ ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ባቢሎንን ይዞ ለምርኮኞቹ መመለስን ሲፈቅድ፣ ሁሉም አልተነሣም። የይሁዳ መንደር ደረሰኞች እስከ 477 መቀጠላቸው ራሱ የዚህ ምስክር ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ የስደት አገር ቤት መግዛት አገርን መካድ የሚመስለው ወገናችን የሚፈራው ይህንኑ ነው። ግን የፈረሰውን የሠሩት እነማን ነበሩ? ነህምያ በሱሳ ቤተ መንግሥት የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ በባዕድ አገር ሥራ የያዘ፣ የታመነ ሰው። የኢየሩሳሌምን መፍረስ ሲሰማ አልቅሶ ጾመ፤ ወደ ንጉሡ የቀረበው ግን ከአራት ወር ያህል በኋላ ነው። ሲጠየቅም እጅግ እንደፈራ ራሱ ይናገራል። የጠየቀው ደግሞ በደንብ የታሰበበት ነበር፤ ለወንዝ ማዶ ገዥዎች የይለፍ ደብዳቤ፣ ለንጉሡ ደን ጠባቂ ለአሳፍ ደግሞ የበር ሳንቃ እንጨት እንዲሰጠው የሚያዝዝ ደብዳቤ። ቤተ መንግሥቱን ከውስጥ የማያውቅ ሰው የደን ጠባቂውን ስም ከየት ያመጣዋል? ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ።